ከፉሪው ጉድጓድ የወጣሁበት ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው ተረጋግቼ አይደለም። «ታክሞ የዳነ ሰው» ሲባል ድምፁ የለሰለሰ፣ ሁሉንም ይቅር ያለ ሰው የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እኔ እንደዚያ አይደለሁም። አሁንም እናደዳለሁ። ድሮ ግን የምናደደው ምንም ባላደረጉኝ ሰዎች ላይ ነበር።

ተካልኝ እባላለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ከሰብለና ከአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን ከማህሌት ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሕንፃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። በቀን ሠራተኛነት ጀመርኩ፣ ግንበኛ ሆንኩ፣ የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓመታት ደግሞ ፎርማን ነበርኩ። ፎርማን በኢንጂነሩና በሠራተኛው መሀል የሚቆም ሰው ነው። ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ወደ ታች ያወርዳል። ከታች የመጣውን ቅሬታ ወደ ላይ ካበዛ ግን ፎርማን ሆኖ አይቆይም። እኔ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ተነሥታችሁ ምን ዓይነት ፎርማን እንደነበርኩ መገመት ትችላላችሁ።

ካቻምና ሐምሌ ላይ የሆነውን ለሰው ሁሉ የነገርኩት እንዲህ እያልኩ ነው። ፉሪ ውስጥ ለአንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ የምድር ቤት እንቆፍር ነበር። አፈሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይንሸራተታል። ሦስት ቀን ሲዘንብ ሰንብቷል። ጉድጓዱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ከድር የሚባል ፌራዮ፣ ማለትም ለኮንክሪቱ ብረት የሚያስር ሠራተኛ፣ ታች ሆኖ ብረት ሲያስር አንዱ ወገን ተደረመሰበት። ላወጣው ዘልዬ ገባሁ። ሁለተኛ ናዳ መጣና እኔንም እስከ ደረቴ ቀበረኝ። ከከድር ከአፈሩ ውጭ የቀረው ቀኝ እጁ ብቻ ነበር። ያዝኩት። ሰዎች በአካፋም በእጃቸውም እየቆፈሩ እኔን አወጡኝ። እሱን ሲያወጡት ሞቷል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

የሰማ ሁሉ ጀግና አደረገኝ። «ነፍስህን ሰጥተህ ልታድነው ሞከርክ» አሉኝ። «ፈጣሪ ያተረፈህ በምክንያት ነው» አሉኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን አባባል ስሰማ ጥርሴን ነበር የማፋጨው። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። የነገርኳቸው ውሸት አልነበረም። ግማሹ ግን አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር አለፈ። ጤነኛ መስዬ ሌላ ሳይት ገባሁ፤ ሁለት ወር ሳልሞላ ከሰው ተጣልቼ ወጣሁ። ሌላም ገባሁ፣ ከዚያም ወጣሁ። እርጥብ አፈር ሲሸተኝ ደረቴ ይጨመቃል። አንድ ሰው ለሰላምታ እጄን ጠበቅ አድርጎ ከያዘኝ እጄን መንጭቄ እነጥቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር ብሎ ከተቀመጠ እጮሃለሁ። ጠበል ሄጃለሁ። የእንቅልፍ መድኃኒት ወስጃለሁ። እናቴ ቤት ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ። ዘመድ ሁሉ «እርሳው» ይለኛል፤ መርሳት እየቻልኩ እንቢ ያልኩ ይመስል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ልይዝ ስሄድ መንገድ ዳር ለቱቦ ይቆፈር ነበር። ኤክስካቫተሩ አፈር ሲደፋ ሰማሁ። ዞር ስል ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ራሶች አየሁ። ቀጥሎ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ማሽኑ ላይ ወጥቼ ኦፕሬተሩን ኮሌታውን ይዤ ጎትቼ አወረድኩት፣ አፍንጫው ላይ መታሁት። «አውጣቸው፣ አውጣቸው» እል ነበር አሉ። ሰው ሲገላግለን ጉድጓዱን አየሁት፤ ከሠራተኞቹ ወገብ አይበልጥም። ሁለቱም አካፋቸውን ይዘው ያዩኛል። ኦፕሬተሩ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ነው። በነጠላ ጫማው ደም ላይ ቆሞ «ምን አደረግኩህ ወንድሜ?» ይለኛል።

ሰብለ የወረዳ ሠራተኛ ናት። ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ ፖሊስ ጣቢያ መጣች፣ ሰውዬውን በእኔ ፋንታ ይቅርታ ለመነች፣ አስለቀቀችኝ። ቤት ገብተን በሩን ከዘጋች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ማህሌት አንተ ስትገባ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ምን ታደርጋለች?»

«ጫማህን ስታወልቅ ታዳምጣለች። ከጫማህ ድምፅ ነው ቀኑ ምን ዓይነት እንደሚሆን የምትለየው። ቀስ ብለህ ካስቀመጥከው ሳሎን ትቆያለች። ከጣልከው ክፍሏ ትገባለች። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ የምገባበት ሌላ ክፍል ስለሌለኝ ነው እንጂ።»

«ነክቻት አላውቅም» አልኩ።

«አልነካሃትም። ተካ፣ ደክሞኛል። ወይ ታከም ወይ የምታርፍበት ቤት ፈልግ።»

ከሥራ ባልደረባዋ የሰማችው አንድ የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ ነበር። እዚያው ሀይሌ ጋርመንት፣ ከመጋረጃ ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሄድኩ። የሄድኩት ልድን ብዬ አይደለም፤ ሞክሬ ነበር ለማለት ነው።

ራሄል የምትባል ባለሙያ ተቀበለችኝ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በአንቱታ ነው የምታናግረኝ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቀን ክፉ ነበርኩ። ሕክምናው በዓይን እንቅስቃሴ እንደሚሰጥ፣ እሷ ሁለት ጣቷን ወዲያና ወዲህ ስታንቀሳቅስ እኔ በዓይኔ እንደምከተል ስትነግረኝ ሳቅኩባት።

«ጣትሽን አይቼ ነው የምድነው?»

«ጣቴ አያድንም» አለች፣ ሳትቀየም። «እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አንዳንዴ አእምሮ ነገሩን እንደ ሌላው ትዝታ በቦታው አያስቀምጠውም። ድምፁ፣ ሽታው፣ ፍርሃቱ እንዳለ ጥሬውን ይቀራል። ለዚህ ነው ማሽኑ ሲጮህ ለእርስዎ ያለፈ ነገር ያልሆነው። አሁን እየሆነ ነው። እዚህ ያንን ቀን እያሰቡ ዓይንዎ ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ ሥራ ይኖረዋል። አንድ እግርዎ እዚያ፣ አንድ እግርዎ እዚህ። በዚያ መሀል አእምሮ ሳይጨርስ የተወውን ሥራ መቀጠል ይጀምራል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ባለሙያዎች አሁንም ይከራከሩበታል። እንደሚጠቅም ግን ብዙ ሰው ላይ አይተናል።»

«እኔ ላይ ካልሠራስ?»

«ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

ሁለቱ የመጀመሪያ ቀጠሮዎች በጥያቄና በልምምድ አለቁ። እንቅልፌን፣ አስተዳደጌን፣ ራሴን ለመጉዳት አስቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገሩ ሲከብደኝ በሐሳብ የምመለስበት ሰላም ያለው ቦታ እንድመርጥ ነገረችኝ። ሰው ሐይቅ ዳር ወይም ገዳም ይመርጣል መሰለኝ። እኔ የመረጥኩት የጣሪያ ኮንክሪት ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ፣ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ፣ ብቻዬን ላዩ ላይ መቆምን ነው። ራሄል አልሳቀችም። ጻፈችው። ማቆም ከፈለግኩ እጄን ብቻ እንዳነሣ ተስማማን።

ሦስተኛው ቀጠሮ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

ወንበሯን ከጎኔ አስጠጋች፤ ፊት ለፊት ሳይሆን አለፍ ብላ፣ ጉልበታችን ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው።

«ከዚያ ቀን በጣም የከፋው ምስል የቱ ነው?»

«እጁ። ከአፈሩ የወጣው እጁ።»

«እሱን ሲያዩ ስለ ራስዎ ምን ይላሉ? ስለ ከድር አይደለም፤ ስለ ራስዎ።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። «ቆሻሻ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «ከዜሮ እስከ አሥር ቢሰጡት፣ አሁን ምን ያህል ይረብሽዎታል?»

«አሥር። ከአሥር በላይ ካለሽ እሱን ጻፊ።»

«ሰውነትዎ ላይ የት ይሰማዎታል?»

«ቀኝ እጄ ላይ። ደረቴም።»

«እጁን፣ ያንን ቃልና ሰውነትዎ ላይ ያለውን ስሜት አንድ ላይ ያስቡና ጣቴን ይከተሉ። የሚመጣውን አያባሩ፣ ያልመጣውንም አይጥሩ። ዝም ብለው ያስተውሉ።»

ሁለት ጣቷን ፊቴ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ማንቀሳቀስ ጀመረች። ፈጠን ያለ ነው። ዓይኔ ተከተለ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሄደና አቆመች። «አየር ይሳቡ። አሁን ምን አለ?»

«ምንም። ዓይኔ ደከመ።»

«ይቀጥሉ።»

በሁለተኛው ዙር እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ክፍሉ ውስጥ አፈር የለም። ከታች የመጋረጃ ሱቅ ነው ያለው። ግን ሸተተኝ፣ ምላሴ ላይም ተሰማኝ። በሦስተኛው ደረቴ ተጨመቀ። በአራተኛው እጁ እጄን ጨመቀኝ። እንደ ታሪክ አይደለም የምነግራችሁ፤ የጣቶቹ አጥንት፣ ጣቱ ላይ ያለችው ብረት የቧጨራት ቁስል ሳይቀር ተሰማኝ። ሁለት ጊዜ ጨመቀኝ። አንደኛው ጠንካራ ነበር። ሁለተኛው ደከም ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም።

«ምን አለ?» አለች።

«ሲሞት።»

«ከዚያ ጋር ይሂዱ። እዚህ ነኝ።»

ጣቷ እንደገና ተነሣ። ያኔ የፉሪው ሳይት ኢንጂነር ታየኝ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፣ ጫማው አልቆሸሸም። ስልክ ያወራል። እኔ እስከ ደረቴ ተቀብሬ፣ የሰው እጅ ይዤ፣ እሱ ስልክ ያወራል። ከእግሬ ጀምሮ አንድ ነገር ፈላብኝ። ድንገት ተነሣሁ። ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ።

«በቃ» አልኳት። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ጉድጓድ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ሰው እጅሽ ላይ ሞቶ ያውቃል? ጣት ታወዛውዣለሽ፣ ይጻፋል፣ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል። ይሄ ሥራ ነው?»

ጮኼባት ነበር። ከውጭ ያለችው የካርድ ሠራተኛ በሩን ገርበብ አድርጋ አየች። ራሄል በእጇ ምልክት ሰጥታ መለሰቻት። አልተነሣችም፤ ወደ ኋላም አልሸሸችም።

«ጉድጓድ ገብቼ አላውቅም» አለችኝ። «ማቆም ይችላሉ። በሩም ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። አሁን የተናደዱት በማን ላይ ነው?»

«በእሱ ላይ ነዋ። በዚያ ባለ ጃንጥላ ላይ።»

«እሱ አሁን እዚህ አለ?»

ክፍሉን አየሁት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሳጥን ሶፍት፣ የቀን መቁጠሪያ፣ አንዲት ወጣት ሴት። አሥራ አራት ወር ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ልጄ ፊት ስጮህበት የከረምኩት ይህ ሰው አንድም ቀን እዚያ እንዳልነበረ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ወንበሩን አንሥቼ ተቀመጥኩ።

«ቀጥዪ» አልኳት።

በሚቀጥለው ዙር ያልጠበቅኩት መጣ። ናዳው አልነበረም፤ ከናዳው በፊት ያለው ጠዋት ነው። ረስቼው አልነበረም። አንድም ቀን አልረሳሁትም። ግን ወደዚያ ሐሳቤ ሲሄድ ቶሎ ብዬ ከሰው እጣላ ነበር። ይህንን አሁን ነው የገባኝ።

«ሌላ ነገር መጣ» አልኩ። «እሱን አልናገርም።»

«መናገር አይጠበቅብዎትም። እያዩት ጣቴን ይከተሉ።»

ይህ ነገር አስገረመኝ። ካልተናገርክ አትድንም የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ አየሁት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። እንባዬ አገጬ ላይ ሲደርስ ማልቀሴን አወቅኩ። ከዚያ ማንም ሳያስገድደኝ አፌ ተናገረ።

«ከድር አስጠንቅቆኝ ነበር» አልኩ።

ጣቷን አወረደች።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ 'ጋሽ ተካ፣ ግድግዳው ላብ እያወጣ ነው' አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፤ ውኃ በጥቃቅኑ እየነጠበ ነበር። በአጣና መደገፍ ነበረበት። ለኢንጂነሩ ደወልኩ። 'አጣና ሳይገባ ሰው አናስገባ' አልኩት። 'ኮንክሪቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ካልቻልክ የሚችል ሰው አመጣለሁ' አለኝና ዘጋው። እኔ ምን አደረግኩ? ተመልሼ ሄድኩና ከድርን በሰው ፊት ሰደብኩት። 'አንተ ሥራ ሲመጣ ሁልጊዜ ምክንያት አታጣም፤ ግባ' አልኩት። አየኝ። ጓንቱን አጠለቀና ገባ።»

ራሄል የሶፍቱን ሳጥን አስጠጋችልኝ።

«ገና አላለቀም» አልኩ። «በማግስቱ ኢንጂነሩ ሆስፒታል መጣ። ብርቱካን ይዞ። አብሮ አንድ ወረቀት አመጣ። 'ሟች ትእዛዝ ሳይሰጠው በራሱ ፈቃድ ወደ ጉድጓዱ ገብቷል' ይላል። 'ሁለታችንም እንዳንታሰር ነው፤ አንተም ልጅ አለችህ' አለኝ። ፈረምኩ። ለቅሶው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። አለቀሰ። የሟች ሚስት ዘይነባ እጄን ይዛ 'አንተ ነህ ልታድነው የሞከርከው' ብላ አመሰገነችኝ። ይሄ ነው። ጀግናው ይሄ ነው።»

ራሄል «ምስኪን» አላለችኝም። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ብትለኝ ኖሮ እመኑኝ፣ ደረጃውን ወርጄ ዳግመኛ አልመለስም ነበር። የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው።

«ያንን ግድግዳ አጣና ሳይገባለት ሰው እንዲገባ የወሰነው ማን ነው?»

«ኢንጂነሩ።»

«እሱን እያሰቡ ጣቴን ይከተሉ።» አንድ ዙር ሄደ። «አሁንስ? ጥፋቱ የማን ነው?»

«የሱ» አልኩ። ከዚያ ቃሉ አልበቃኝም። «የሱም፣ የኔም።»

«ከዚያ ጋር ይሂዱ።»

አሥራ አራት ወር ሁለት ነገር ብቻ ነበር የማውቀው። ወይ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው፣ ያኔ መኖር አይገባኝም። ወይ ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ነው፣ ያኔ ያገኘሁትን ሁሉ መደብደብ እፈልጋለሁ። ሁለቱን እኩል አስቀምጬ ማየት ችዬ አላውቅም ነበር። የእኔ የሆነው አለ። የእሱ የሆነው አለ። የእሱ ይበልጣል፤ የእኔ ግን የእኔ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል ሲጻፍ።

በመጨረሻ ወደ እጁ መለሰችኝ። አየሁት። አፈር የለበሰ የከድር እጅ ነው። ያሳዝናል። ግን አልጨመቀኝም። ካቻምና ሐምሌ ላይ የነበረ እጅ ነው።

«ከዜሮ እስከ አሥር?»

«አምስት» አልኩ፤ ራሴም አላመንኩም።

«ለዛሬ ይበቃል» አለች። ጣሪያዬ ላይ በሐሳብ አቁማ አስተነፈሰችኝ። ከዚያ ዛሬና ነገ ሌላም ነገር ሊመጣብኝ እንደሚችል፣ ከበደኝ ካልኩ እንድደውልላት፣ እስክንገናኝ ትልቅ ውሳኔ እንዳልወስን ነገረችኝ።

ስወርድ ያ የቱቦ ቁፋሮ አላለቀም። ቆሜ አየሁት። ኤክስካቫተሩ አፈር ደፋ። ልቤ መታ፣ ከዚያ ቀስ አለ። ሰዎቹ ከወገባቸው በላይ ይታያሉ። ያ ኦፕሬተር ከማሽኑ ላይ አየኝና ሞተሩን አጠፋ። እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ቀረብኩ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው» አልኩት። «ያን ቀን ሚስቴ ናት የጠየቀችህ።»

ለአፍታ አየኝ። «አፍንጫዬ ድኗል» አለ። «አንተስ?»

«ጀምሬያለሁ።»

ማታ ለሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «አንድ ዓመት ሙሉ ጀግና ባል አለኝ ብዬ ነው ስችልህ የነበረው» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። መብቷ ነው። በሦስተኛው ቀን «ለዘይነባ መቼ ነው የምትነግራት?» አለችኝ።

አምስት ጊዜ ተጨማሪ ወደ ራሄል ሄድኩ። ሁሉም እንደዚያ ቅዳሜ አልነበሩም። አንዱ ቀን ምንም ሳይሆን አለቀ። ሌላ ቀን ከገባሁበት የባሰ ሆኜ ወጣሁ። በመጨረሻው ቀን እጁን ሳየው የሚረብሸኝ አንድ ደረሰ። «ዜሮ አይሆንም?» አልኳት። «ሰው ሞቶ ዜሮ መሆን አለበት ብለው ያስባሉ?» አለችኝ። አንዱን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ፉሪ ሄድኩ። ዘይነባ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው፣ በር ላይ አትክልት ትሸጣለች። ስታየኝ ፈገግ አለች፣ ወንበር አመጣች። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳት። ከድር ስለ ግድግዳው ምን እንዳለኝ፣ እኔ ምን እንዳልኩት፣ ምን እንደፈረምኩ። ድምፄ አልተቆረጠም። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ልናገር ብል ከመጀመሪያው ቃል አላልፍም ነበር።

ቲማቲም እየደረደረች ነበር። መደርደሯን አቆመች።

«ለሁለት ዒድ ደውለህልኛል» አለች። «'እንዴት ነሽ፣ ምን ጎደለሽ' ብለኸኛል። ያኔ ሁሉ ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በሰው ፊት ነው የሰደብከው?»

«በሰው ፊት።»

«እሱ ስድብ አይወድም ነበር» አለች። ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ይህንን ግን አልጠበቅኩም። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ይቅርታ ልትጠይቀኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ተመለስ። የለኝም። አንድ ዓመት ሰዉ 'ባልሽ ሳይታዘዝ ገብቶ ነው' ሲለኝ፣ የገዛ ወንድሙ 'ትንሽ ቸኩሎ ነው' ሲል፣ እኔም አምኜ ከድርን ስቆጣው ነበር። የሞተ ባሌን። አሁን ተነሥተህ ፖሊስ ጋ ትሄዳለህ፤ ለእኔ ያልከውን ለእነሱ ትላለህ።»

«እሄዳለሁ።»

«ዛሬ።»

በዚያው ቀን ሄድኩ። መርማሪው ቃሌን እየጻፈ መሀል ላይ ብዕሩን አቆመ። «ይህ አንተንም እንደሚያስጠይቅህ ገብቶሃል?» አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። ክሱ ሲመሠረት አንደኛ ተከሳሽ ኢንጂነሩ ሆነ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ እኔ።

ፍርድ ቤት ቃሌን በሰጠሁበት ቀን የኢንጂነሩ ጠበቃ ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛ ተከሳሽ የአእምሮ ሕክምና ሲከታተል የቆየ ሰው ነው፤ የሚናገረው ሊታመን አይገባም» አለ። አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ኢንጂነሩ ጫማውን ያያል። ዳኛዋ ምን እንደምመልስ ጠየቁኝ።

«እውነት ነው፣ ታክሜያለሁ» አልኩ። «ሳልታከም የተናገርኩት ነው ውሸቱ። ሳልታከም ነው የፈረምኩት።»

ዳኛዋ «ይቀጥሉ» አሉ። ቀጠልኩ። ስንት ሰዓት እንደደወልኩ፣ ምን እንደተባልኩ፣ ምን እንዳልኩ። ዘይነባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አላየችኝም። ከድር በራሱ ፈቃድ እንዳልገባ ስናገር ግን አጠገቧ የተቀመጠውን የባሏን ወንድም ክንዱን ይዛ ወደ እኔ አዞረችው፣ እንዲሰማ።

ይህንን ለምን እንደምነግራችሁ ልናገር። አንዳንዶቻችሁ እንደ እኔ የሆነ ነገር ውስጥ ተቀብራችሁ ትሆናላችሁ፤ አደጋ፣ ጦርነት፣ ድብደባ፣ በልጅነት የሆነ ነገር። «እርሳው» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። መርሳት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። እኔ ምንም አልረሳሁም። እንዲያውም ከድሮው የበለጠ አስታውሳለሁ፤ ከማን ጋር ምን እንደተባባልን ሳይቀር። ልዩነቱ፣ ሳስታውስ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ እቀራለሁ። የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምናው የሰጠኝ ይህንን ነው። ንጹሕ አላደረገኝም። ንጹሕ የሚያደርግ ሕክምና ካለ እኔ አልፈልገውም።

ሌላው ደግሞ በየሳይቱ ያላችሁ ናችሁ። ፎርማኖች፣ ኢንጂነሮች፣ ባለ ሕንፃዎች። አፋፍ ላይ ቆማችሁ «ግባ» የምትሉ። እናንተን ሳስብ ዛሬም እጄ ይጨበጣል፤ ይህ ደግሞ በሽታ አይደለም። ራሄልን ጠይቄያታለሁ። «ይሄኛውስ ይታከማል?» አልኳት። «ይሄኛው ሕመም አይመስለኝም» አለችኝ።

አሁን ሥራ የሚሰጠኝ ተቋራጭ የለም። በየሰፈሩ አጥርና ደረጃ እሠራለሁ። ውሳኔው ገና አልተሰጠም። ሊፈረድብኝ ይችላል፤ ከተፈረደብኝ እገባለሁ። ይግባኝ አልጠይቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኔ ፍርድ ሲነበብ ኢንጂነሩም ከጎኔ ቆሞ የራሱን እንዲሰማ።